የወረቀቱ ግርጌ፦ በድሮ ፊርማና ማኅተም የሠፈር ታሪክ ማጥናት

የጉለሌው ልጅ፦

ሰላም ለቤቱ። ሰባት ወጣቶች ሆነን የሠፈራችንን ታሪክ ከቤተሰብ ወረቀቶች እየለቀምን ነው። በእጃችን 140 ፎቶ አለ፤ የቦታ ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ብድር፣ ዋስትና፣ ጥቂት የማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ። ከ1890ዎቹ እስከ 1960ዎቹ የተጻፉ ናቸው። የመሀሉን ጽሑፍ እየተንገዳገድንም ቢሆን እናነበዋለን። ያቃተን ግርጌው ነው፦ የተጠማዘዘ ፊርማ፣ የአውራ ጣት አሻራ፣ ግማሹ ያልያዘ ማኅተም። የማን እንደሆነ ለመለየት ከየት ይጀመራል?

ግልባጭ ጸሐፊ፦

ከስሙ አትጀምሩ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዲት «ኃይለ» ያያል፣ የታወቀ መኰንን ያገኘ ይመስለዋል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያየው ወረቀት ሁሉ ለዚያው ሰው ምስክር ይሆንለታል።

ለእያንዳንዱ ወረቀት ቁጥር ስጡ፤ ወረቀቱ ላይ ላረፈው ለእያንዳንዱ ምልክትም የራሱን። 37ኛው ወረቀት አምስት ምልክት ካለው ከ37-1 እስከ 37-5 ይባላል። በኤክሴል አንድ ምልክት አንድ መስመር ይያዝ። የሚመዘገበው ይህ ነው፦ የት እንዳረፈ (ራስጌ፣ ግርጌ፣ ኅዳግ፣ ጀርባ)፣ ምን ዓይነት እንደሆነ (በእጅ የተጻፈ ስም፣ ማኅተም፣ አሻራ፣ የመስቀል ምልክት፣ ፓራፍ ማለት ያጠረ ፊርማ)፣ ባለቤቱ በምን ሥራ እንደገባ (ሻጭ፣ ገዥ፣ ዋስ፣ እማኝ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊ)፣ የቀለሙ መልክ፣ ከዚያ የሚነበበው ፊደል እንዳለ። «ሐይሉ» ከተባለ «ሐይሉ» ብላችሁ ጻፉ፤ «ኃይሉ» ብላችሁ አታቅኑት። «ማን ነው?» የሚለው በመጨረሻው ዓምድ ብቻ ይግባ፤ ከጎኑም «እርግጥ»፣ «ይመስላል» ወይም «አልታወቀም» ይባል። የማይነበበውን ፊደል በነጥብ ተኩ፤ በግምት አትሙሉት። ሁለት ሰው ሳይተያይ ያንብብ፣ ከዚያ ይነጻጸር። የተለያዩበት ቦታ ላይ ነው ዋናው ሥራ ያለው።

ስለ ቦታው አንድ ነገር ልጨምር። በምኒልክ ደብዳቤዎች ማኅተሙ ራስጌ ላይ ነው፤ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው መግቢያ ከሥሩ ይጀምራል። የንጉሡን የእጅ ፊርማ ግርጌ ላይ የሚፈልግ ሰው በከንቱ ይደክማል፤ ቃሉን የሚያጸናው ማኅተሙ ነበር። የተራው ሰው ውል ግን ግርጌው ላይ ያልቃል።

ሌላው ወጥመድ ግልባጭ ነው። በመኪና በተጻፈ ወረቀት ግርጌ «ማኅተምና ፊርማ አለበት» ወይም «የማይነበብ ፊርማ» ተብሎ ካያችሁ በእጃችሁ ያለው ዋናው አይደለም። ከሥር የምታዩት ፊርማ የግልባጩ አረጋጋጭ እንጂ የደብዳቤው ባለቤት አይደለም፤ በሁለቱ መሀል ሃያ ዓመት ሊኖር ይችላል። እንደዚሁ ከማዕረጉ ፊት በእጅ «ስለ» ወይም «ለ» ከተጨመረ ቲተሩ (የባለሥልጣኑ የስምና የማዕረግ ማኅተም) ላይ ያለው ስምና ፈራሚው ሁለት ሰዎች ናቸው። ለየብቻ መዝግቧቸው።

ጎንደሬዋ፦

ወንድሜ ግልባጭ ጸሐፊ ያለው ለሃያኛው ክፍለ ዘመን ወረቀት ይሠራል። ወደ ኋላ ለሚሄዱት ግን ፊርማ የሚባል ነገር ራሱ የለም። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭና ስጦታ ከቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነበር የሚጻፈው። ዘመኑ በወንጌላዊው፣ በንጉሡ፣ የራስነት ማዕረግ በያዘው መኰንንና በደብሩ አለቃ ስም ይቆጠራል፤ ከዚያ ዋሱና እማኞቹ በተርታ ይጠራሉ። የስም ተርታው ራሱ ፊርማ ነው ማለት ይቻላል። የአንድ ደብር አለቆችን በቅደም ተከተል ማውጣት የቻለ ሰው ቀን የሌለውን ጽሑፍ ሁሉ በየቦታው ይሰካዋል።

ይህ ልማድ ወደ እናንተ ወረቀትም ወርዷል። አሥር እማኝ በአንድ እጅ ጽሕፈት ተጽፎ ብታዩ ሐሰተኛ ነው ብላችሁ አትጣሉት። ጸሐፊው ነው የሁሉንም ስም የጻፈው። በየስሙ አጠገብ ነጥብ፣ መስቀል ወይም አሻራ መኖር አለመኖሩን ግን በማጉያ መነጽር እዩ።

በአሻራም አትፍረዱ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብና ጽሕፈት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ዳዊት የደገመ ቄስ ብርዕ ላይዝ ይችላል። ስለዚህ «አሻራ ያደረገ ሁሉ መሃይም ነው» ብሎ ስለ ሠፈር ትምህርት የሚደመድም ጥናት ከሥሩ የተሳሳተ ነው።

የጉለሌው ልጅ፦

እግዜር ይስጥልን። ጎንደሬዋ፣ አሥር እማኝ በአንድ እጅ የተጻፈበት አለን፤ «ተጭበርብሯል» ብለን ወደ ጎን አድርገነው ነበር። አሁን ደግሞ የቀን ችግር። ወረቀት 52 «መጋቢት ፭ ቀን ዓርብ ፲፱፻፲» ይልና የመጨረሻዋ ቁጥር ተጨማልቃለች፤ ፮ ትሁን ፯ አልለየንም።

ባሕረ ሐሳብ፦

ዕለቱ ከተጻፈ ተገላገላችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፤ ዓመተ ዓለም፣ ማለት ከፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረው ዓመት፣ ይሆናል። ለ4 አካፍሉት፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። ለ4 ሲካፈል የደረሰው ሙሉ ቁጥር መጠነ ራብዒት ይባላል። እሱን ከዓመተ ዓለሙ ጋር ደምራችሁ ለ7 ግደፉ፤ ማለት ለ7 አካፍላችሁ ትራፊውን ያዙ። 1 ቢተርፍ መስከረም 1 ማክሰኞ ውሏል፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ ምንም ባይተርፍ ሰኞ። ወሩ 30 ቀን ስለሆነ የየወሩ መባቻ ሁለት ሁለት ዕለት ወደፊት ይሄዳል።

አሁን የእናንተን እንይ። 1916 ቢሆን፦ 7416 እና 1854 ሲደመር 9270፤ በ7 ሲገደፍ 2 ይተርፋል፤ መስከረም 1 ረቡዕ። መጋቢት ሰባተኛ ወር ነውና 6 ጊዜ ሁለት፣ 12፤ ከሰባት በላይ ያለው 5። ከረቡዕ አምስት ብትቆጥሩ መጋቢት 1 ሰኞ፣ መጋቢት 5 ዓርብ። 1917 ቢሆን መስከረም 1 ሐሙስ፣ መጋቢት 1 ማክሰኞ፣ መጋቢት 5 ቅዳሜ ይሆናል። ስለዚህ የተጨማለቀችው ፮ ናት፤ 1916፣ ዘመነ ዮሐንስ። «ዘመነ ማቴዎስ» የሚል ሌላ ቦታ ላይ ከተገኘ ግን ንገሩኝ፤ ያኔ ከሁለቱ አንዱን ጸሐፊው ተሳስቷል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሒሳቡና ወረቀቱ በአንድ ዕለት ቢዛነፉ ወዲያው ሐሰት አትበሉ። ማታ የተፈጸመ ውል በነገው ዕለት ሊጻፍ ይችላል። በሦስትና በአራት ዕለት ከተዛነፈ ግን ቁጥሩን እንደገና አንብቡ። ብዙ ጊዜ የሚምታቱት ፮ ከ፯፣ ፶ ከ፷፣ ፸ ከ፺ ናቸው።

ቀይ ቀለም፦

ፎቶው ራሱ ካልረባ ይህ ሁሉ ድካም ነው። 12 ሜጋፒክስል ያለው ስልክ ሙሉ የኤ4 ገጽ ሲያነሣ ወደ 340 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚገባ የነጥብ ብዛት) ነው የሚሰጠው። ለጽሑፍ ይበቃል፣ ለፊርማ አይበቃም። ለእያንዳንዱ ምልክት 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ብቻ የሚይዝ ሁለተኛ ፎቶ አንሡ፤ ያኔ ወደ 1000 ዲፒአይ ትደርሳላችሁ። ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጡ፤ የማኅተም ስፋት በሚሊ ሜትር ካልታወቀ ሁለት ማኅተም አንድ መሆኑን ማረጋገጥ አይቻልም። የስልኩን ፍላሽ አጥፉ።

ሦስተኛው ፎቶ በአግድም ብርሃን ነው። ክፍሉን አጨልማችሁ ባትሪውን ከወረቀቱ ጎን ዝቅ አድርጉት፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ፤ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከላይ። ቀለም የሌለው ተጭኖ የወጣ ማኅተምና የብዕር ጭረት ጥላ ያወጣሉ። የብረት ብዕር ሲጫኑት ጫፉ ይከፈልና መስመሩ ዳርና ዳር ላይ ሁለት ጭረት ይተዋል፤ የመቃ ብርዕ እንዲህ አያደርግም። ቢክ (ጫፉ ኳስ የሆነ እስክሪብቶ) ደግሞ ይንከባለላል፣ በመስመሩ መሀል ነጭ ክር የመሰለ ክፍተትና በየመታጠፊያው የቀለም ጠብታ ይተዋል። ቢክ በዓለም ገበያ የታወቀው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1920 ውል ላይ በቢክ የተፈረመ ካያችሁ ያ ፊርማ ኋላ የተጨመረ ነው።

ሐምራዊ ማኅተም ጽሑፉን ሲሸፍንባችሁ፣ ጂምፕ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ምስሉን ‹ዲኮምፖዝ› በሚለው ትእዛዝ ወደ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፈሉት። ሐምራዊ ቀለም አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል፤ ስለዚህ ማኅተሙን ማንበብ ከፈለጋችሁ አረንጓዴውን፣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ከፈለጋችሁ ሰማያዊውን ክፈቱ። ችግሩ ያረጀ ወረቀት ቢጫ ስለሆነ በሰማያዊው ላይ ራሱ ይጠቁራል። ያኔ ቀዩን ሞክሩ፣ ግን ዝገት የመሰለ ቡናማ ቀለም በቀዩ ላይ ይሳሳል። ሦስቱንም አይታችሁ ለየወረቀቱ የሚሻለውን መምረጥ ነው፤ አንድ መድኃኒት ለሁሉ አይሠራም።

እባካችሁ አንድ ነገር፦ ፊርማን በስስ ወረቀት ተጭናችሁ አትቅዱ፤ እርጥብ ጣትም አታስነኩ። በኮፒ እርሳስ የተጻፈ ከሆነ እርጥበት ሲያገኘው ወደ ሐምራዊ ይለወጥና ይፈሳል፤ የማኅተሙ ቀለምም እንዲሁ። ላሚኔት ማድረግ ደግሞ ወረቀቱን መግደል ነው።

ጠገራ፦

ማኅተም ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ስላለ። የነሐስ ማኅተም ያረጃል። ይወድቃል፣ ጠርዙ ይጎደጎዳል፣ በፊደሎቹ መሀል ቆሻሻ ይጠቀጠቅበታል። ቆሻሻው ሊጸዳ ይችላል፣ ጉድጉዱ ግን አይድንም። የአንድ ማኅተም አሥር አሻራ ካላችሁ ጎን ለጎን ደርድሯቸው፤ ለምሳሌ በሰዓት አቆጣጠር 4 ሰዓት ላይ ጠርዙ ያልተጎዳበት ይቅደም፣ ጥቂት የተጎዳበት ይከተል፣ በደንብ የተቦጨቀበት መጨረሻ ይሁን። ከአሥሩ ሦስቱ ብቻ ቀን ካላቸው የቀሩት ሰባት በመሀላቸው፣ በፊታቸው ወይም በኋላቸው ይገባሉ። ቀን የሌለው ዋስትና «ከ1908 በኋላ፣ ከ1913 በፊት» ሊባል የሚችለው እንዲህ ነው።

ብልሽቱ አንድ አሻራ ላይ ብቻ ከታየ ግን አትመኑት። ቀለሙ ስላልያዘ ወይም ከወረቀቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ስላልተስተካከለ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ በሁለት ወረቀት ላይ በአንድ ቦታ መደገም አለበት።

ገንዘቡም ቀን ይናገራል። ጠገራ ብር (የማርያ ቴሬዛ ብር) ለብቻው ብዙ አይነግራችሁም፤ ከምኒልክ በፊት ጀምሮ እስከ ጦርነቱ ማግስት ድረስ ሲዘዋወር ኖሯል። ሊሬ ከተባለ 1928 እስከ 1933 ነው ብሎ መጀመር ይቻላል። ሽልንግ ከተባለ ከ1933 በኋላ፤ የመንግሥቱ አዲስ የወረቀት ብር የወጣው በ1937 ነው። በጣሊያን ዘመን ወረቀት ላይ ከዓመቱ ጎን የሮማ ቁጥር ካያችሁ የፋሺስቶች ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ከጥቅምት 1922 እንደ ፈረንጆች ጀምሮ የሚቆጠር። አሥራ አምስተኛው ዓመት ከጥቅምት 1936 እስከ ጥቅምት 1937 እንደ ፈረንጆች ማለት ነው። ከእኛ አቆጣጠር ጋር ደባልቀው 1936 ዓ.ም. ያደረጉት አሉ፤ ሰባት ዓመት ይስታሉ።

ተጠራጣሪው፦

የተባለው ሁሉ ደግ ነው። እኔ የምፈራው ስሞቹን ማዛመድ ላይ ነው። አንድ ሰው ሦስት ስም ሊኖረው ይችላል፦ የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስም። አባ መቻል ማለት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ አባ ነፍሶ ማለት ደጃዝማች ባልቻ፣ አባ ጠቅል ማለት ተፈሪ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። የሠፈራችሁ ግራዝማች የፈረስ ስም ግን በየትም አልተጻፈም፤ ከአንዱ ወረቀት ላይ ስሙና የፈረስ ስሙ አብረው እስኪገኙ ድረስ ሁለቱን እንደ ሁለት ሰው ያዟቸው። በተቃራኒውም አንድ «ወልደ ማርያም» አምስት ሰው ሊሆን ይችላል።

እኔ ከሦስት ባነሰ መገናኛ አላዛምድም፦ የአባት ስም፣ ማዕረግ፣ ቦታ፣ አብረውት የሚፈርሙት ሰዎች፣ የፊርማው ቅርጽ። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ ካልገጠሙ «ይመስላል» ይበቃዋል። አብረውት የሚፈርሙት የሚለውን አትናቁ። አራት ሰዎች በስድስት ወረቀት ላይ እየተቀያየሩ ዋስና እማኝ ከሆኑ ጎረቤት ወይም ዘመድ ወይም የአንድ ጌታ ሰዎች ናቸው፤ የሠፈሩ አሠፋፈር የሚወጣው ከዚያ ነው።

ማዕረግ ይረዳል። ባላምባራስ፣ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ያው ሰው በሁለት ማዕረግ ከተገኘ ትንሹ ይቀድማል ብሎ መጀመር ይቻላል። ተፈሪ «አልጋ ወራሽ» ከተባለ ከ1909 ወዲህ፣ «ንጉሥ» ከተባለ ከ1921 ወዲህ ነው፤ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነው። ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃ፣ ወረዳ እየተባለ በተርታ የሚጠራው ከ1934ቱ የአስተዳደር ድንጋጌ ጋር ነው። «ቀበሌ» የሚል ማኅተም ያለበት የ1955 ወረቀት ያመጣላችሁን ሰው ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት፤ ቀበሌ የመጣው ከ1967 ወዲህ ነው። ወይም ደግሞ ዋናው የ1955 ሆኖ ማኅተሙ የኋላ ማረጋገጫ ነው፤ ግልባጭ ጸሐፊ ያለው።

የጉለሌው ልጅ፦

ጋሼ ሚዛን እዚህ ካሉ አንድ ነገር ይርዱን። በ1957ቱ የቤት ሽያጭ ላይ ሻጭዋ አሻራ አድርገዋል፣ ሁለት ምስክር ፈርሟል፣ ከታች ደግሞ የማይገባን አንድ ሦስተኛ ፊርማና ክብ ማኅተም አለ። ሦስተኛ ምስክር ነው ብለን ነበር።

ጋሼ ሚዛን፦

ምስክር አይደለም ልጄ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ጀምሮ ይሠራል። በቁጥር 1727 መሠረት በጽሑፍ እንዲሆን የታዘዘ ውል ሁለት ምስክሮች ካልፈረሙበት አይጸናም። ቀጥሎ በ1728 ደግሞ ዓይነ ስውር ወይም መጻፍ የማይችል ሰው ያደረገው የጣት ምልክት፣ አዋዋይ ወይም መዝጋቢ ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው ያንን ሰው አያስገድደውም። ሦስተኛው ፊርማ የዚህ አረጋጋጭ ነው። ማኅተሙን አንብቡት፤ ፍርድ ቤት ከሆነ ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ይመራችኋል።

ዋናው ትርፍ እዚያ ነው። በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት መመዝገብ ነበረበት። ከማኅተሙ ጎን በእጅ የተጻፈች «ቁ. 214/57» የመሰለች ቁጥር ካለች የመዝገብ ቁጥርና ዓመት ናት፤ ፊርማ አይደለችም፣ ግን ከፊርማው ትበልጣለች። ኑዛዜ ካላችሁ ደግሞ ምስክሩን ቁጠሩ፤ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ አራት ምስክር ይፈልጋል፣ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም መዝጋቢ ከሆነ ሁለት ይበቃል። ከ1953 በፊት ባለው ወረቀት ላይ ይህን ሚዛን አታስቀምጡበት።

ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ወይም ስድስት ኪሎ ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስትሄዱ ሰባታችሁም አትግተልተሉ። ከትምህርት ቤታችሁ ወይም ከወረዳችሁ የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ሁለት ሁለት ሁኑ። እርሳስ ብቻ ያዙ። «ስለ ሠፈራችን ታሪክ» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የመሥሪያ ቤት ስም፣ ዓመትና የደብዳቤ ቁጥር ይዛችሁ ጠይቁ። ባለመዝገቡ ሊረዳችሁ የሚችለው እንደዚያ ሲሆን ነው።

ጎንደሬዋ፦

ወረቀቱን ያዋሷችሁን ቤተሰቦች አስቡ። የቦታ ወረቀት ፎቶ ፌስቡክ ላይ ከወጣ ነገ የውርስ ክርክር ማስረጃ ይሆናል፤ ሰው ወረቀት የሚደብቀውም ለዚህ ነው። ስታሳትሙ አሻራና የዘመናችን ሰዎች ፊርማ ይሸፈን፤ ስፋትና ወሰን የሚናገረው መስመርም እንዲሁ። ማንሣታችሁንና ማሳተማችሁን በሁለት የተለያየ መስመር አስፈርሙ፤ አንዱን ፈቅዶ ሌላውን የሚከለክል ብዙ ነው።

ቀይ ቀለም፦

አንድ ጥያቄ ረስተን ነበር። 140 ፎቶ ስትል 140 ወረቀት ነው ወይስ 140 ገጽ? ጀርባውን አንሥታችኋል? ቴምብር የሚለጠፈው፣ «ለእገሌ አስተላልፌአለሁ» የሚለው ማስተላለፊያ የሚጻፈው፣ የመዝገብ ቁጥር የሚሰፍረው ብዙ ጊዜ ጀርባ ላይ ነው። ከፊት ያልያዘ ማኅተምም ቀለሙ ሰርጾ ከጀርባ ተገልብጦ ይነበባል፤ ፎቶውን ገልብጡትና እዩት።

የጉለሌው ልጅ፦

አላነሣንም። ፊቱን ብቻ ነው። ቅዳሜ ማስመሪያና ባትሪ ይዘን እንመለሳለን፤ ከወረቀት 52 እንጀምራለን።